በአንድ ጆሮ

አጅማን፣ ጀልባ መጠገኛው፣ ጌት ሦስት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤
ወበቁ የዘበኛ ሸሚዜን ከጀርባዬ አጣብቆት፣
የጎብኚዎችን መዝገብ ከኋላው በኩል ገለጥሁት።
«ስም» ይላል፣ «ሰሌዳ ቁጥር»፣ «የገባበት»፣ «የወጣበት»።
ከ«ስም» ሥር የሰፊነውን አምስት አልበሞች ደረደርሁ፣
ከ«ገባበት» ሥር እጄ የገቡበትን ዓመት አሰፈርሁ፤
«የወጣበት»ን ዘለልሁ።

አምስተኛ፣ «ሰባራ ሰዓት»። አውቃለሁ፣ ወልዲያ ይቆጣል፤
ያን ክረምት በየሚኒባሱ፣ በየሠርጉ ያልጮኸበት የታል?
ለዚያ ነው። ሁሉ ከተቃመሰው ለእኔ ምን ይተርፈኛል?
ደግሞ ያ ኪቦርድ! የጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ይመስለኛል።

አራተኛ፣ «ጎረቤት»። ደህና ነው። ይለፍ። መታወቂያም አልጠይቀው።

ሦስተኛው «የሐሙስ ገበያ»፤ ካሴቱን ለደምሴ አውሼ፣
ደምሴም አገባ፣ ካሴቱም ቀረ፣ እኔም አልጠየቅሁ መልሼ።
ከዚያ ወዲህ በልቤ ብቻ ነው የምሰማው፤
በየዓመቱ እያማረበት ሄደ።
ሁለተኛው ዘፈን ላይ ዋሽንት አለ፤ ወይስ እኔ ነኝ የጨመርሁት?
ደምሴ ካሴቱን ቢመልስ፣ መውረዱ አይቀርለት።

ሁለተኛ፣ «የዝናብ ማግስት»፤ አራተኛው ዘፈን መሀል፣
ስንኙን ሊዘጋ ሁለት ቃል ሲቀረው ሰፊነው ያስላል።
አላስቆረጠውም፤ ሳሉ እንዳለ ታትሟል።
እናቴ ሁልጊዜ እዚያች ላይ፣ ሥራዋን ትታ ለቴፑ፣
«ጤና አዳም ስጡት እንጂ!» ትል ነበር።
የዘፈኑን ስም አታውቅም። ለእሷ «የታመመው ልጅ» ነው።
እኔም ደረጃውን የሰጠሁት ለሳሉ ነው።

ሬዲዮው ያንቋርራል፦ «ጌት ሦስት! ጌት ሦስት! ተኝተሃል?»
«ነቅቻለሁ፣ ጌታዬ።»
ለዚህ ነው ግራ ጆሮዬ የኩባንያው፣
ቀኜ ብቻ የሰፊነው።
የተረፈችው ማዳመጫ ለጌት ሁለቱ ለከድር፤
ሻይ በፔርሙዝ ይዞ መጥቶ፣ ከተገለበጠው ጀልባ ሥር፣
አንዲት ገመድ ተካፍለን፣ እንደ ጥማድ በሬ ስናድር።

«አንደኛውስ?» አለኝ። ጻፍሁለት፦ «ያልታጠፈ ጋቢ»።
እዚህ ከመጣን በኋላ የወጣ ነው፤
ከዚህች ገመድ በቀር በሌላ ሰምተነው አናውቅም።
«እሱስ እውነት!» አለ ከድር። በሁለት ዓመት መጀመሪያ ተስማማን።
«ያ ክራር! ብቻውን፣ ቃል ሳይነካው፣ ሰው ሳይገባበት…»
«የምን ክራር?» አልሁት።
«ክራር የለውም። ድምፁ ብቻ ነው፤ ባዶ ቤት የሚያንጎራጉር ሰው።»
ተያየን።
ማዕበሉ ግንቡን ሁለቴ ላሰው።

ተቀያየርን።
ክራሩ መጣብኝ፤ ይጠይቃል፣ ቆም ይላል፣ ይጠብቃል፤
መልሱ ከከድር ጆሮ ውስጥ ነው፤ ፊቱ ላይ ብቻ ያልፋል።
ከድር ግን በሳቅ ፈረሰ፦
«ወንድሜ፣ ይሄ ሰውዬ ለካ አፍቅሮ አይደለም የሚያለቅሰው!
ያበደረው ብር ቀርቶበት ነው!
እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው ዕዳ ነው አንጀቴ የሚላወሰው?»
«ታዲያ ምን መስሎህ ነበር?»
«ክራሩማ ስለ ብር አላወራም!» አለኝ፣ ተቆጥቶ፣
ሻዩን እስኪቀዘቅዝ ረስቶ።
ቀኙን ግን አልመለሰልኝም።

ንጋት ላይ አለቃችን ኢርፋን መዝገቡን አገላብጦ፣
ከማያነበው ፊደል ላይ ጣቱን አስቀምጦ፣
«እነዚህ እነማን ናቸው?» አለ።
«አንዱ በ1994 ገብቷል፤ ያኔ እኮ ይሄ ግቢ ባሕር ነበር!
አምስት ገብተዋል። የወጣ የለም።»
«የለም፣ ጌታዬ።»
«የት ናቸው ታዲያ?»

ሁለታችንም ለመመለስ ባንዴ ብድግ ስንል፣
ገመዷ ጎተተችን።